የወር አበባ ህመም፦ ከባሕር ዳርና ከጣና ዳር ወጣት ሴቶች ተደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች

ለተማሪዎች፣ ለሠራተኛ ወጣቶችና ለእናቶች፤ ከቀላሉ ጥያቄ ተነስቶ ወደ ከባዱ ይሄዳል።

የወር አበባ ሲመጣ ሆድ መቁረጡ ጤናማ ነው?

ቀለል ያለ ቁርጠት የተለመደ ነው፤ ከወጣት ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያውቁታል። ብዙውን ጊዜ ደሙ ሊመጣ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ወይም እንደመጣ ከእምብርት በታች ይነሳል፤ ወደ ወገብና ወደ ታፋ ይወርዳል። የመጀመሪያው ቀን ይከፋል፣ ከ2 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ይለቃል። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ራስ ምታትና ድካም አብረውት ሊመጡ ይችላሉ።

የተለመደ ነው ማለት ግን ጥርስ ነክሶ መቻል ይገባል ማለት አይደለም። ከክፍል የሚያስቀር፣ ሥራ የሚያስፈታ፣ እንቅልፍ የሚነሳ ህመም መታከም ያለበት ህመም ነው። "ሴት ልጅ ትችለዋለች" እየተባለ ብዙ ወጣቶች ቀላል መፍትሔ እያለ ዓመታት ተሰቃይተዋል።

ህመሙ ከየት ይመጣል?

በዚያ ወር እርግዝና ካልተፈጠረ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ይወርዳል፣ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋንም መፍረስ ይጀምራል። ሽፋኑ ሲፈርስ ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ይህ ንጥረ ነገር የማህፀንን ጡንቻ ያኮማትራል፣ የደም ሥሮቹንም ያጠባል፤ ጡንቻው በቂ ደም ሳያገኝ ሲኮማተር ያማል። አንጀትንም ስለሚነካ ተቅማጡና ማስመለሱ የሚመጣው ከዚሁ ነው እንጂ ምግብ ተመርዘሽ አይደለም።

ይህንን ማወቅ የሚጠቅመው ለመድኃኒቱ ነው። አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ የሆኑ የህመም ማስታገሻዎች ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት ያግዳሉ፤ አስቀድሞ የተመረተውን ግን አያጠፉም። ስለዚህ ክኒኑ የሚወሰድበት ሰዓት ከክኒኑ ዓይነት እኩል ዋጋ አለው።

መጀመሪያ ሳይ ምንም አላመመኝም ነበር። ከዓመት በኋላ ለምን ጀመረኝ?

የወር አበባ እንደተጀመረ ባሉት ወራት እንቁላል ብዙ ጊዜ አይለቀቅም፤ እንቁላል ካልተለቀቀ ደግሞ ፕሮስታግላንዲኑ አነስተኛ ነው። ዑደቱ እየተስተካከለ ሲሄድ፣ በአብዛኛው ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ቁርጠቱ ይጀምራል። የሚጠበቅ ነው።

ሁለት ነገሮች ግን ከዚህ ይለያሉ። አንደኛው፣ ለዓመታት ያለ ህመም ቆይታ በ20ዎቹ አጋማሽ ወይም ከዚያ በኋላ በድንገት የጀመራት ሴት መመርመር አለባት። ሁለተኛው፣ ጡቷ ያደገና ብብቷ ላይ ጸጉር ያወጣች ልጅ ደም ሳታይ በየወሩ ለቀናት ሆዷን የሚያማት ከሆነ፣ መውጫው በስስ ቆዳ ተዘግቶ ደሙ ውስጥ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። በአነስተኛ ቀዶ ሕክምና የሚፈታ ነው፤ ሲቆይ ግን ይከፋል።

ጓደኞቼ ሳያማቸው እኔን ለምን? ይበልጥ የሚጠቃው ማን ነው?

መለወጥ የማይቻሉ ምክንያቶች አሉ። ህመሙ የሚበረታው ከ20 ዓመት በፊትና በ20ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከ12 ዓመት በፊት የወር አበባ ያየች፣ ደሟ ከ7 ቀን በላይ የሚቆይ ወይም ብዙ የሚፈስ፣ እናቷ ወይም እህቷ የሚያማቸው፣ ገና ያልወለደች ሴት ይበልጥ ትጠቃለች። ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ ካሉብሽ ሌላ ጥፋት ፍለጋ ራስሽን አትውቀሺ።

መለወጥ የሚቻሉትም አሉ። ሲጋራ ማጨስ በግልጽ ያባብሰዋል፤ ሌላ ሰው ሲያጨስ አጠገቡ ጢሱን መሳብም ቢሆን። ከመጠን በላይ መክሳትም መወፈርም ከህመሙ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ህመሙን ያከብዳሉ፣ ህመሙም በተራው ጭንቀትን ይወልዳል፤ በፈተና ሳምንት የሚመጣ የወር አበባ ብዙ ጊዜ የሚከፋው ለዚህ ነው። በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ቁርስ መዝለልንም ደጋግመው ያነሳሉ። ካፌ ቁርስ ሳያልቅ ለመድረስ እንቅልፏን ትታ የማትነሳ ተማሪ እስከ ምሳ ባዶ ሆዷን ትውላለች፤ ማታ ዳቦ ወይም ቆሎ ዶርም አስቀምጦ ማደር ቀላሉ መላ ነው።

ስለ ቡና የተለያየ ውጤት ነው ያለው። ጣና ዳር ኖሮ ቡና ተዪ ማለት ቀላል ምክር አይደለም፣ መተውም ግዴታ አይደለም። ቡና በጠጣሽባቸው ቀናት የሚብስብሽ ከመሰለሽ ለሁለት ዑደት ቀን ቀን ወደ አንድ ሲኒ ዝቅ አድርገሽ ልዩነቱን እዪ።

"ብርድ መትቶሽ ነው"፣ "ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ ነው" ይሉኛል። እውነት ነው?

አይደለም። ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ መቀመጥ፣ በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ፣ ጣና ውስጥ መዋኘትም ሆነ ብስክሌት መንዳት የወር አበባ ህመም አያመጡም። መታጠብ የሚከለከልበት ምክንያትም የለም፤ በእነዚህ ቀናት ንጽሕና ይበልጥ ያስፈልጋል።

ክኒን ውጬ አልሠራልኝም። ለምን?

አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከአራቱ አንዱ ነው፦ ዘግይቶ መውሰድ፣ አነስተኛ መጠን መውሰድ፣ አንድ ውጦ ማቆም፣ ወይም ለዚህ ህመም ደካማ የሆነውን መርጦ መውሰድ። "እስኪብስብኝ ልጠብቅ" የምትል ልጅ ክኒኑን የምትውጠው ፕሮስታግላንዲኑ ማህፀኗን ከሞላ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ማስመለስም ስለሚጀምር ክኒኑ ሆድ ውስጥ ላይቆይ ይችላል።

ትክክለኛው አወሳሰድ ይህ ነው። ከ12 ዓመት በላይ ለሆነችና ሌላ በሽታ ለሌለባት፣ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከምግብ ጋር፤ የመጀመሪያው ምልክት እንደታየ፣ ዑደቷ የማይዛባ ከሆነ ደግሞ ደሙ ከሚጠበቅበት ቀን በፊት ባለው ምሽት። ከዚያ በየ8 ሰዓቱ፣ ህመሙ ቢለቅም ባይለቅም፣ ለመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት፤ ካስፈለገም ለሦስተኛው። ያለ ባለሙያ ትእዛዝ በ24 ሰዓት ከ1,200 ሚሊ ግራም አይታለፍ። ፋርማሲ ስትገዢ ፍሬው ባለ 200 ነው ወይስ ባለ 400 ብለሽ ጠይቂ፤ ባለ 200 ከሆነ በአንድ ጊዜ ሁለት ፍሬ ነው። ዲክሎፌናክ 50 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ በባለሙያ ሲታዘዝ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ሁለቱን በአንድ ላይ መውሰድ ግን ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል እንጂ ጥቅም አይጨምርም።

ፓራሲታሞል ለዚህ ህመም ደከም ይላል፤ አይቡፕሮፌን ለማይስማማት ግን ጥሩ ምትክ ነው። ክብደቷ ከ50 ኪሎ በላይ ለሆነ፣ ባለ 500 ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። ትራማዶል ሱስ ስለሚያስይዝ ለወር አበባ ህመም ከጓደኛ ተቀብለሽ የምትወስጂው አይደለም። መርፌ መወጋትም በሰዓቱ ከተወሰደ ክኒን የተሻለ አይደለም፤ ብዙዎች ይሻላል ብለው ክሊኒክ የሚሄዱት ክኒኑን ዘግይተው ስለሚጀምሩ ነው።

ጨጓራ አለብኝ፤ ጾምም ነው። ምን ልውሰድ?

አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የጨጓራን መከላከያ ሽፋን ያሳሳሉ፤ በባዶ ሆድ ሲወሰዱ ማቃጠሉ ይብሳል። ዐቢይ ጾም ላይ እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ጠዋት በባዶ ሆድ አይቡፕሮፌን አትዋጪ። አንዱ አማራጭ ጠዋት ፓራሲታሞል ወስዶ አይቡፕሮፌኑን ከ9 ሰዓቱ ምግብ በኋላና ማታ ከራት ጋር ማድረግ ነው። ህመሙ ብርቱ ከሆነ ደግሞ በእነዚያ ሁለት ቀናት በጊዜ እንድትበዪ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ለታመመ ሰው የሚሰጥ ፈቃድ አለ። ሙስሊም ከሆንሽ በወር አበባ ቀናት ጾም ስለሌለብሽ ጠዋት ቀምሰሽ መዋጥ ትችያለሽ፤ ቤተሰብ እንዳያይ ብሎ በባዶ ሆድ መዋጥ ጨጓራን መጉዳት ነው።

የጨጓራ ቁስለት ተገኝቶብሽ የሚያውቅ፣ የኩላሊት ችግር ያለብሽ፣ አስም ኖሮብሽ አስፕሪን ወይም መሰሎቹ የሚያስነሱብሽ፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስጂ ወይም እርግዝና የምትጠረጥሪ ከሆነ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክን ያለ ሐኪም አትንኪ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰሽ መድኃኒቱን አቁመሽ ወዲያው ሆስፒታል ሂጂ።

በየወሩ መዋጥ ሱስ ይሆንብኛል? ልጅ እንዳልወልድስ ያደርጋል?

አይቡፕሮፌን ሱስ አያስይዝም፣ በወር 2 ወይም 3 ቀን መውሰድ ሰውነትን አያለምደውም፣ ማህፀንንም አያመክንም። ደም የሚበዛባትን እንዲያውም መጠኑን ይቀንስላታል።

ያለ መድኃኒት የሚረዳ ምን አለ?

ሙቀት ከሁሉም ይቀድማል፤ በጥናት ሲለካ ውጤቱ ከአይቡፕሮፌን ጋር የሚቀራረብ ሆኗል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ይፈጥናል። የጎማ መያዣ ከሌለ ሃይላንድ ይበቃል። የፈላ ውኃ ግን አይቅዱበት፤ ፕላስቲኩ ይኮማተርና ክዳኑ ጋ አፍስሶ ያቃጥላል። የፈላውን በቀዝቃዛ አለዝቦ እጅ የሚችለው ሲሆን መሙላት፣ ክዳኑን ማጥበቅ፣ በነጠላ ወይም በፎጣ ጠቅልሎ ከእምብርት በታች ወይም ወገብ ላይ ለ20 ደቂቃ ማቆየት። ይዞት መተኛት ቆዳን ያቃጥላል።

እንቅስቃሴም ይሠራል፤ የሚሠራው ግን በዕለቱ ብቻ ሳይሆን ወሩን ሙሉ ሲዘወተር ነው። በሳምንት 3 ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ፣ ለሁለት ሦስት ወር። ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት፤ ወደ ክፍልም ወደ ሥራም በብስክሌት መሄድ፣ ወይም በሐይቁ ዳር ፈጠን ያለ እርምጃ መሄድ ገንዘብ አይጠይቅም።

ዝንጅብል፣ ጤና አዳም፣ ፌጦ፣ አረቄስ?

ዝንጅብል በጥናት የተደገፈ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በቀን ከ750 እስከ 2,000 ሚሊ ግራም ዱቄት፤ ይህም ጠዋትና ማታ ግማሽ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል በሻይ ነው። የሚያቃጥልሽ ጨጓራ ካለብሽ ቀንሺው። ጤና አዳም ቅጠሉን ቡና ላይ ጣል ማድረግ ሌላ፣ ጨምቆ ወይም በብዛት አፍልቶ መጠጣት ሌላ ነው፤ ብዙው መርዛማ ነው፣ እርጉዝን ደግሞ ሊያስወርድና ሊገድል ይችላል። ፌጦ በሎሚ ለወር አበባ ህመም የሚሰጠው የተረጋገጠ ጥቅም የለም፣ ጨጓራን ግን ይቆጣል። አረቄ ከአይቡፕሮፌን ጋር ጨጓራን ያደማል፣ ከፓራሲታሞል ጋር ጉበትን ይጎዳል።

ትምህርቴንና ሥራዬን እየጎዳው ነው። ምን ላድርግ?

ከትምህርት መቅረት በዓይን የሚታየው ጉዳት ነው። የማይታየው ክፍል ገብቶ ምንም ሳይሰሙ መውጣት፣ ፈተና ላይ ጥያቄውን ሁለት ሦስት ጊዜ ማንበብ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ቆሞ መዋል አለመቻል፣ ሌሊቱን ሳይተኙ ማንጋት ነው። ሆቴልና ምግብ ቤት ቆመው ለሚውሉ፣ በቀን ሒሳብ ለሚሠሩና ዓሣ ለሚሸጡ ደግሞ የቀረ ቀን የጠፋ ገንዘብ ነው። ይህ በየወሩ ሲመላለስ ተስፋ ያስቆርጣል፤ የሚቀጥለውን ወር መፍራት ራሱ ህመሙን ያከብዳል። ከወር አበባው ውጭም ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣትና ሁሉ ነገር ማስጠላት ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ ለራሱ ሕክምና ይፈልጋል።

የሚረዳው ዝግጅት ነው። ደሙ የመጣበትን ቀን፣ ህመሙን ከ0 እስከ 10፣ የተወሰደውን ክኒንና ሰዓቱን፣ የቀረሽበትን ነገር በስልክሽ ወይም በደብተር ጻፊ። ሦስት ዑደት ከጻፍሽ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ ትገምቻለሽ፤ ፈተና በዚያ ቀን ከዋለ ክኒኑን ማታ ትጀምሪያለሽ። ቦርሳሽ ውስጥ 6 ፍሬ ክኒን፣ ሁለት ሞዴስና አንድ ትርፍ የውስጥ ልብስ ይኑር። ከፈተና የሚያስቀር ሕመም ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ሂጂና ማስረጃ አጽፊ፤ ከሁለት ቀን በኋላ የሚመጣ ወረቀት ተቀባይነቱ ይቀንሳል። ለመምህሩ ዝርዝሩን መናገር አይጠበቅብሽም፣ "ታምሜ ነበር" ይበቃል።

ተቀጣሪ ለሆነች፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜዋን ለጨረሰች ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው 1 ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃል፣ ለአሠሪውም በማግስቱ ሳያልፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ልጄ 16 ዓመቷ ነው፤ "ስታገባ ወይም ስትወልድ ይተዋታል" ይሉኛል። ልጠብቅ?

አይጠብቁ። ጋብቻ ህመሙን አያድነውም። ከወለዱ በኋላ ቀለል የሚላቸው ሴቶች አሉ፣ ጭራሽ የማይለወጥላቸውም አሉ፤ ልጅ መውለድ መድኃኒት አይደለም። ከ18 ዓመት በታች ማግባትን ሕጉም ይከለክላል። ልጅዎን ዛሬ በሰዓቱ የሚወሰደውን ክኒን ያስተምሯት፣ ትምህርት ቤት ሞዴስና ክኒን ይዛ እንድትሄድ ያድርጉ፣ ከሦስት ዑደት በኋላ ካልተሻላት ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። በቤት ውስጥ ስለዚህ ነገር የሚያወራት ሰው ያላት ልጅ አደገኛ ምልክት ሲመጣም ቶሎ ትናገራለች።

ሳላገባ የእርግዝና መከላከያ ለህመም ብወስድ ችግር አለው?

የለውም፤ ለህመሙ ተብሎ የሚሰጥ የታወቀ ሕክምና ነው። በየቀኑ የሚዋጠው ክኒን እንቁላል እንዳይለቀቅ ያደርጋል፣ የማህፀኑን ሽፋን ያሳሳል፤ ሽፋኑ ሲሳሳ ፕሮስታግላንዲኑም ያንሳል። ሙሉ ውጤቱን ለማየት 3 ወር ያስፈልጋል። ስታቆሚው የመውለድ ችሎታሽ ይመለሳል። ክንድ ላይ የሚቀበረውም ብዙዎችን ይረዳል፣ የደም አመጣጥን ግን ሊያዛባ ይችላል። ዴፖ የሚባለው የእርግዝና መከላከያ መርፌም ህመሙን ይቀንሳል፤ የአጥንት ጥንካሬን ስለሚነካ ከ18 ዓመት በታች የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ፣ ማለትም ባለ መዳቡ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ህመምንም ደምንም ሊጨምር ስለሚችል ለዚህ ዓላማ አይመረጥም።

እግር ወይም ሳንባ ላይ ደም ረግቶብሽ የሚያውቅ፣ ከራስ ምታትሽ በፊት ዓይንሽ ላይ ብልጭታ የሚታይሽ፣ የደም ግፊት ያለብሽ ወይም የቲቢ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ይህንን ሳትናገሪ ክኒኑን አትጀምሪ። አገልግሎቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነጻ ይሰጣል። ሰው ያየኛል ብለሽ ከፈራሽ ለወጣቶች የተለየ ክፍል ያለበትን ጤና ጣቢያ ጠይቂ፤ የመጣሽበትን ምክንያት "ለወር አበባ ህመም" ብሎ መናገር ይበቃል።

ሌላ በሽታ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አይቡፕሮፌን በትክክል ተወስዶ በ3 ዑደት ካልለወጠው መጠርጠር ይገባል። ህመሙ ከዓመት ዓመት እየባሰ ከሄደ፣ ደሙ ከመምጣቱ ቀናት ቀድሞ ከጀመረ ወይም ደሙ ቆሞም ከቀጠለ፣ በግንኙነት ጊዜ ወደ ውስጥ ካመመ፣ በእነዚያ ቀናት ሰገራ ወይም ሽንት ሲወጣ ካመመ፣ ከዑደት ውጭ ደም ከታየ እንዲሁ። ከምክንያቶቹ ዋናው ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው፤ የማህፀን ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ሲያድግ የሚፈጠር፣ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን የሚይዝ ሕመም ነው። የማህፀን እጢና በግንኙነት የሚተላለፍ ኢንፌክሽንም አሉ። በሌላ በኩል ከወር አበባው ቀን ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የሆድ ህመም ከአንጀት ሊሆን ይችላል፤ ጣና ዳር የአንጀት ቢልሃርዚያ ስለሚገኝ፣ በተለይ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ካለ የሰገራ ምርመራ ይደረግ።

ቀን ሳይጠበቅ የሚኬድባቸው ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ የወር አበባ ዘግይቶ በአንድ ጎን ብርቱ ህመም መምጣት፤ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ይችላል። በድንገት በአንድ ጎን ተነስቶ የማይለቅ ህመም ከማስመለስ ጋር፤ እንቁልጢ፣ ማለትም እንቁላል የሚለቀው አካል፣ ተጠማዞ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ከሽታ ያለው ፈሳሽ ጋር፣ ራስን መሳት፣ በየሰዓቱ አንድ ሞዴስ እያራሰ ከ2 ሰዓት በላይ የሚፈስ ደም። ባሕር ዳር ያላችሁ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ሂዱ። ከደቅ ደሴትና ከዘጌ በጀልባ የምትመጡ ሲመሽ መሻገሪያ ስለሚቸግር "ነገ ይሻላት ይሆናል" ብላችሁ ቀኑን አታሳልፉ። ትኩሳት ብቻውን ከመጣ ወባም ስለሚሆን ደም ይመርመር።

ምርመራው ድንግልናዬን ይነካዋል?

አይነካም። ግንኙነት ፈጽማ ለማታውቅ ልጅ የውስጥ ምርመራ አይደረግም፤ አልትራሳውንዱ ከሆድ ላይ ነው። ማህፀኑ ጥርት ብሎ እንዲታይ የሽንት ፊኛ መሙላት ስላለበት ምርመራው 1 ሰዓት ሲቀረው ወደ 1 ሊትር ውኃ ጠጥተሽ ሳትሸኚ ጠብቂ። ብዙዎች ባዶ ፊኛ ይዘው ሄደው ወረፋቸው ያልፍባቸዋል። እናትሽ ወይም እህትሽ አብራሽ እንድትገባ፣ ወይም ሴት ባለሙያ እንድታይሽ መጠየቅም መብትሽ ነው።

አልትራሳውንዱ "ምንም የለም" አለ፤ ህመሙ ግን አለ። አሁንስ?

ንጹሕ አልትራሳውንድ ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ብዙውን ጊዜ ህመሙ ከፕሮስታግላንዲን የሚመጣው የተለመደው ዓይነት ነው፤ ይህም እውነተኛ ህመም ነው፣ የሚታከምም ነው። አልፎ አልፎ ግን ኢንዶሜትሪዮሲስ አለ፤ ላይ ላዩን የተለጠፈው ዓይነት በአልትራሳውንድ አይታይም። ስለዚህ "ምንም የለብሽም" ማለት "አያምሽም" ማለት አይደለም።

ቀጣዩ እርምጃ የማህፀን ሐኪም ማየት ነው። ብዙ ጊዜ ሐኪሙ የሆርሞን ሕክምና ለ3 ወር ይሞክራል፤ ካልሠራ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ሆድ ውስጥ ማየት ወደሚቻልበት ቦታ ሊልክሽ ይችላል። ስትሄጂ የጻፍሽውን ይዘሽ ሂጂ። "በጣም ያመኛል" ከሚለው ይልቅ "አይቡፕሮፌን 400 በየ8 ሰዓቱ ከመጀመሪያው ምልክት ጀምሬ ሦስት ዑደት ወስጃለሁ፤ አሁንም በወር 2 ቀን ከክፍል እቀራለሁ፣ ማታ ማታም ያስነሳኛል" ብትዪ ሐኪሙ ቀላሉን መድኃኒት ደግሞ ከመጻፍ አልፎ ወደሚቀጥለው ምርመራ ይሄዳል።